ከማጀት የወጣ ወሬ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኩርት፣

እንደምን ከርመሃል? ጀርባህን የሚያምህ ተሻለህ ወይ? ፓውላስ እንደምን ናት? ልጆቹ ሄስተርና ኔድ ጤና ናቸው? የሂውስተን ሙቀት ገና ነው ወይስ ከአሁኑ ጀመራችሁ? እናታችን ደብዳቤ ስታስጽፈን የሰውየውን ጤና ሳንጠይቅ ወደ ጉዳያችን እንድንገባ አትፈቅድልንም ነበር። እኔም ያንኑ ጠብቄ ነው የጠየቅኩህ። ደህና እንድትሆን የምፈልገው ከልቤ ነው፤ ወደ ታች ያለውን ስታነብ ይህን አትርሳብኝ።

እኛ በአካል ደህና ነን። አባባ እህል ይበላሉ፣ እንቅልፍም ይተኛሉ፤ ዓይናቸው ግን በጣም ደክሟል። ሐኪሙ በፌብሩዋሪ ያለውን በስልክ ነግሬሃለሁ። የግራው ጨርሷል፤ የቀኙም ወንዙ ደፍርሶ ዳግመኛ እስኪጠራ ድረስ አይቆይም። ውሃ ላይ የምትንሳፈፈዋን የመንጠቆ ዝንብ በዓይናቸው ተከትለው የሚያጠምዱት ዘንድሮ ብቻ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን በስልክ ውስጥ አልቅሰሃል፤ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ።

ወንዙም እንዲህ ያማረበት ዓመት አላስታውስም። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ሳይነካ ቆየ፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጠራ። በማርች መጨረሻ የድንጋይ ዝንቦቹ ከውሃው እየወጡ አኻያው ላይ መንጠልጠል ጀመሩ። ትራውት ዓሦቹም ብርዱን ሙሉ ጦማቸውን ስለከረሙ ከሰዓት በኋላ ያለ ሐፍረት ብቅ እያሉ ይለቅሙ ነበር። በረዶው ቀልጦ ወንዙን እስኪያደፈርሰው ያለን ጊዜ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። አባባ በጣታቸው እየዳሰሱ ከላባና ከክር አርባ ሁለት ዝንብ ሠርተው ጠበቁ። አንዳንዱ ዝንብ ሳይሆን የተነጨ ዶሮ ነው የሚመስለው።

ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ድንጋይ እየረገጡ ውሃ ውስጥ መግባት እንደማይችሉ ታውቃለህ። ቆመው የሚያጠምዱበት የቀራቸው ቦታ ማጀት ብቻ ነበር። ስሙን ያወጣችው እናታችን ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት «ዛሬ ማጀት ነን» ብንባባል ማንም እንዳይጠረጥር ብላ። እዚህ አገር ሰው ሚስቱን የት እንዳገኛት ይናገራል እንጂ ዓሣውን የት እንደያዘ አይናገርም። አባባማ «የት ያዙት?» ሲሏቸው «ከንፈሩ ላይ» ነው መልሳቸው። ወንዙ የሁሉም ቢሆንም ወደ ማጀት የሚያደርሰው ሜዳ የወይዘሮ ኮራ ነው። አባባ ላሞቻቸውን ከጎርፍ ባወጡላቸው ዓመት ወይዘሮ ኮራ በሩን የከፈቱልን በአንድ ቃል ነበር፤ እናንተ አራታችሁ ብቻ፣ አምስተኛ ሰው ያየሁ ቀን ይዘጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅነው። ባሌ ዌስ እንኳ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ማጀትን አንድ ቀን አላያትም፤ ብዙ ጊዜም አኩርፎኛል።

ኤፕሪል ስድስት ቅዳሜ አባባን ይዤ ስደርስ ሁለት መኪና ሜዳው መሐል ቆሟል፤ አምስት ሰው ማጀት ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። በሩን ክፍት ስለተዉት የወይዘሮ ኮራ ጥጆች አስፋልቱ ላይ ናቸው። አባባ ማየቱን አላዩም፤ የሰው ሳቅ ሲሰሙ ግን «ማነው የገባው?» አሉኝ። ጥጆቹን አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አባባን ወደ ቤት መለስኳቸው።

ሰኞ ስሄድ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ወይዘሮ ኮራ ከበረት ወጥተው መጡ፤ አልጮሁም፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ቀኑን ሙሉ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ከመንገደኛ ጋር ስትለፈልፊ የምትውዪ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ይሆናል?» አሉኝ። ማልኩላቸው፤ አላመኑኝም። የባሰው ደግሞ እኔም ራሴን ማመን ተሳነኝ። ከማን ጋር ምን እንዳወራሁ፣ የትኛው ደንበኛ ፊት አፌ እንዳመለጠኝ ሳስብ ዋልኩ። አባባ እራት ላይ ማን እንደተናገረ ሲጠይቁኝ እኔ ሳልሆን አልቀርም አልኳቸው። «አንቺ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብዪኝ ከማለት በቀር አላናገሩኝም።

በሳምንቱ ማክሰኞ ቤንዚን ስቀዳ ክላይድ አጠገቤ ቆመ። እንግዶችን በወንዙ እያወረደ የሚያሳጠምደው ክላይድ ነው፤ ቀልዱን ታውቀዋለህ። «ዶሪንዬ፣ ሰሞኑን ማጀት አላየሁሽም። ድስት አሳርረሽ ተባረርሽ እንዴ?» አለኝ።

ኩርት፣ ያንን ቃል የምናውቅ በሕይወት ያለን ሰዎች ሦስት ነን።

ከየት እንደሰማው ጠየቅኩት። እየሳቀ መኪናው ውስጥ ገብቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣ። ሚስተር ሃርግሮቭ የሚባል የሂውስተን ደንበኛው ያን ቅዳሜ ይዞት የመጣ ነው። «የሣለለት ወንድምሽ ነው፤ ሰውየው አለቃው አይደል? ቸር ሰው ነው መቼም። እኔ ብሆን ለወለደችኝም አልነግራት» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ድልድዩ አለ፣ የወይዘሮ ኮራ በረት አለ፣ የበሩ ቀለበት ትንሽ ከፍ ተደርጎ እንደሚከፈት ሳይቀር ተጽፏል። የሰሜኑን ቀስት ሹካ አስመስሎ የሚሥል ሰው ከአንተ ሌላ አላውቅም። ከሥሩም «ቤተሰቡ ማጀት ይላታል» ብለህ ጽፈሃል።

ቦታውን መናገርህ አንድ ነገር ነው። የእናታችንን ቃል ለምን ጨመርክለት? ዓሣ አይዝበት ነገር፤ ጨዋታው እንዲያምርልህ ነው? በማርች ደብዳቤህ አዲሱ አለቃህ ማጥመድ እንደሚወድና እንደተግባባችሁ ጽፈህልኝ፣ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የዓይናቸውን ነገር በሰማህ በወሩ ማለት ነው። ከድተኸናል፣ ኩርት። ለዘብ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሐሙስ ዕለት ደውሎ የዘጋብህ ሰው እኔ ነበርኩ።

ለአባባ እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም ተቀመጥኩ። በጁን ትመጣለህ ብለው ቀን ይቆጥራሉ፤ በቀራቸው ብርሃን ፊትህን ሊያዩ ነው። ያንን እንዴት ከእሳቸው ልንጠቅ? ስለዚህ ለወይዘሮ ኮራ ራስህ ደውለህ ጥፋቱ የአንተ መሆኑን ንገራቸው፤ ሰንሰለቱን ቢፈቱልን አባባ አንድ ሳምንት እንኳ ያገኛሉ ልልህ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

እስከዚህ የጻፍኩት ዓርብ ነው። ቅዳሜ ከደቡብ ሞቃት ነፋስ መጣ፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ ተራራው ላይ ዘነበ። ዛሬ አባባ ድልድዩ ድረስ ውሰጂኝ አሉኝ። ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል አጎነበሱና ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ወንዙ ጭቃ ሆኖ ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። ደፍርሷል አልኳቸው። «ድምፁ ነግሮኛል፤ እንዲያው ምናልባት ብዬ ነው» አሉ።

ቤት ስንገባ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ያንን አያታችን የተዉላቸውን የቀርከሃ ዘንግ ነው የምልህ። በጨርቅ ወልውለው፣ መገጣጠሚያውን ፈትተው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱትና ፊቴ አኖሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨው ያልሆነ ነገር ያናገሩኝ ዛሬ ነው።

«ይህን ለኩርት ላኪለት። ላንቺ ነበር ያሰብኩት፤ ግን እሱ አፉን ይጠብቃል» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ዘንጉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

ለፓውላ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ በዚህ ነገር እሷን የሚነካ ምንም የለም። ሄስተርን ግንባሯን ሳምልኝ። ለኔድ የጠየቀኝን የጎሽ ጥርስ አግኝቼለታለሁ፣ በሌላ ፖስታ ይደርሰዋል። ዌስ ሰላም ብሎሃል፤ እሱ ገና አልሰማም። ወይዘሮ ኮራ ግን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ለእሳቸው መደወሉን አሁንም አልተውኩልህም፤ ለበሩ ሳይሆን ለስሜ ብለህ ደውል።

አባባ እሑድ ይደውሉልሃል። ዘንጉ ደርሶህ እንደሆነና እጅህ ላይ እንዴት እንደሆነልህ ይጠይቁሃል። ምን ብለህ እንደምትመልስላቸው አስብበት።

እህትህ ዶሪን

ዳርቢ፣ ሞንታና
ኤፕሪል 23 ቀን 1996