አክስቴ በእኔ ላይ የሚለማመዱት ጥያቄ

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና ትንሿ እህቴ ሊኔዮ እዚህ ማፌቴንግ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ከብዶናል።

በቆሎው እሸት ይዟል። አክስቴ ማፑሌንግ ፆታዊ ጥቃት ያደረሱ ወጣቶችን ለሚያክሙ አማካሪዎች የሚሰጠውን ስልጠና ጀምረዋል። ሲመለሱ በእኔ ላይ ይለማመዳሉ። ትናንት፣ «አንቺ የተጠቂዋ ታላቅ እህት ነሽ እንበል» አሉኝ። «ልጁ ትንሿን ለብቻዋ ይፈልጋታል? ከረሜላ ሰጥቶ ለማንም እንዳትነግሪ ይላታል?»

ልጃቸው ትላሊ አጠገባችን ጫማውን ይቦርሽ ነበር። «ተዪያት እማ፣ እሷ እንደሆነ አፍ የላትም» ብሎ ሳቀ። እኔ አቀረቀርኩ።

«ጎበዝ፣ ልክ እንደዚህ ነው ዝም የሚሉት» አሉና አክስቴ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ሊኔዮ የከረሜላ ወረቀት መሰብሰብ ጀምራለች። ማን እንደሚሰጣት ብጠይቃት አትነግረኝም። ስንተኛ እሷን በግድግዳው በኩል አደርጋታለሁ። ቀን ግን ከትምህርት ቤት ቀድማኝ ትመለሳለች፤ ቤት የሚውለው ትላሊ ብቻ ነው።

እባክሽ ብሎምፎንቴይን ያሉትን አሠሪዎችሽን ሊኔዮ አንቺ ጋ እንድትኖር ለምኚልኝ። ሊኔዮ ትንሽ ቦታ ይበቃታል፣ ብዙም አትበላም። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።

እግዚአብሔር በጤና ያቆይሽ። መልስሽን በትምህርት ቤቴ በኩል ላኪው፤ እዚህ ቤት ደብዳቤ የሚቀበለው ትላሊ ነው።

ልጅሽ ሬፊሉዌ