ቫዮሊኖቹና የእኔ ላጲስ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ እንዴት ሰነበተ? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አስቸገረኝ ብለው ነበር፤ ሐኪሙ ያዘዘልዎን መነጽር አደረጉት ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? እናቴስ ጉልበቷ ተሻላት? አያቴ፣ እህቴ፣ ቤቱ በሙሉ እንደምን አላችሁልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ብርዱንም ለመድኩት፤ የሰፉልኝ ካፖርት ገበሩ እንኳ ሳይላላ ይኸው አለ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ እንደ ባለፈው ረዘመ ብለሽ መሀሉን እንዳታልፊው፤ ዛሬ ቁም ነገሩ መሀሉ ላይ ነው።

አባዬ፣ በመጨረሻው ደብዳቤዎ «ሦስት ሥራ ቀየርሽ፤ ይሄኛውም ካልሆነልሽ አትንገላቺ፣ ነይና አብረን እንሰፋለን» ብለው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መልስ ያልሰጠሁዎ የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው። ኦርኬስትራው የቀጠረኝ ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። ካለፍኩ እቆያለሁ፤ ካላለፍኩ ጓዜን ጠቅልዬ መመለሴ ነው፤ እንደገና ሥራ ፍለጋ የምዞርበት አቅም አልቀረኝም። ሙከራው ትናንት ቅዳሜ አበቃ። እንዴት እንዳበቃ ልንገርዎ።

የምሠራበት ቦታ ወረቀት ክፍል ይባላል። ከአዳራሹ ጀርባ ያለ፣ አንድ ትልቅ መስኮትና ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ ያለው ክፍል ነው። ኖታ፣ ማለትም ሙዚቃው የተጻፈበት ወረቀት፣ የሚቀመጠውም የሚጠገነውም እዚያ ነው። ኃላፊዬ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከወረቀት ጋር ስለኖሩና ድምፃቸው ስለማይሰማ ሁሉም «ዝምታ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው እንኳ ሲሏቸው አይከፋቸውም።

ለትናንቱ ኮንሰርት አንድ እንግዳ የሙዚቃ መሪና አንዲት ዝነኛ ቫዮሊን ተጫዋች ተጋብዘው ነበር። እንግዳው መሪ የራሳቸውን ኖታ ከወር በፊት ልከው ነበር። በላዩ ላይ የቫዮሊኖቹ ደጋን፣ ማለትም ክሩን የሚያሹበት ዘንግ፣ የቱ ጋ ወደ ላይ፣ የቱ ጋ ወደ ታች እንደሚሄድ በእርሳስ ምልክት አድርገውበታል። ያለዚያ ምልክት ሃያ ቫዮሊን ባንድ ላይ አይሄድም። ዝምታና የቫዮሊኖቹ አለቃ ሦስት ሳምንት ተቀምጠው ይህን ምልክት በእኛ ኖታዎች ላይ በሙሉ ገለበጡት። እኔ ያን ጊዜ ታችኛው መጋዘን ሳጥን ሳደራጅ ስለነበርኩ አላየሁም። አለማየቴ ነው ጉድ ያፈላው።

ሰኞ ጠዋት ዝምታ ድዳቸው አብጦ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እስከ ትናንትም አልተመለሱም። ኖታዎቹን በየአቃፊያቸው ክተቺ፣ የተቀደደውን ለጥፊ ብለውኝ ነው የሄዱት። ያንን በግማሽ ቀን ጨረስኩት። እጄ ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን መቼም ያውቃሉ። ኖታዎቹን ሳገላብጥ ሁሉም በእርሳስ ተጫጭረዋል። ጭረት፣ ቀስት፣ ክብ፤ አንዱ መነጽር ስሎበታል፣ አንዱ «ቀና በል!» ብሎ ጽፎበታል፣ አንዱማ የተኛች ድመት አስቀምጦበታል። ይህን የመሰለ ትልቅ ሰው መጥቶ ይህን ጉድ ሊያይ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የጠመኔ ምልክት የቀረበት ኮት ለደንበኛ ሊሰጥ ሲል ተለማማጁን የተቆጡበት ቀን ትዝ አለኝ። ላጲሴን አነሣሁ። አንድ ቀን ተኩል ክንዴ እስኪዝል አጠፋሁት። የእንግዳው የራሳቸው ኖታ እንኳ አልቀረኝም። ጥጥ አስመሰልኩት፤ ማክሰኞ ስወጣ ዝምታ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ልምምድ ሆነ። እንግዳው መሪ ሽበታም፣ ቀጭን፣ ችኩል ሰው ናቸው። ዱላቸውን አነሡና ሙዚቃው ተጀመረ። እኔ በጎን በር ቆሜ ያን ንጹሕ ወረቀት በኩራት አያለሁ። ወዲያው ግን የደጋኖቹ ነገር ዓይኔ ገባ። የአንዱ ሲወጣ የጎረቤቱ ይወርዳል፤ ከፊት ረድፍ ሁለቱ በክርን ተጋጩ። መሪው አስቆሙ። እንደገና አስጀመሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስቆሙ የቫዮሊኖቹ አለቃ ኖታውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ይህን ማነው ያጠፋው?» አለ። ሰባው ሰው ዞሮ ተያየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን አወጣሁና «እኔ ነኝ፤ የቆሸሸ መስሎኝ ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ አልሳቁም። መሪው ዱላቸውን አስቀምጠው ወጡ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ አጠገቤ መጥታ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «እስከ ቅዳሜ ሥሪ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለችኝ። ይህ አነጋገር የትም አገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ወረቀት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አንዱን ኖታ ታቅፌ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። እንባዬ እንዳይነካው ዘንበል ሳደርገው ብርሃኑ በጎን መታው። አባዬ፣ ምልክቱ እዚያው ነበር! የእርሳሱ ጥቁረት ጠፋ እንጂ ወረቀቱ ላይ የተጫነበት ስርጉድ አልጠፋም። አሮጌ ኮት ተርትረን ገልብጠን ስንሰፋ የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ ብርሃን ላይ አይቼ እንድከተል ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? እዚህ ቤት ውስጥ ያንን ዓይን የያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሮጬ የቫዮሊኖቹን አለቃ ጠራሁት። ሲመጣ ይህች ልጅ ለይቶላታል ብሎ ነው። ወረቀቱን አዘንብዬ «እዚህ ጋ ቀስቱ ወደ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ወደ ታች» ስለው ወንበር ስቦ ተቀመጠና እርሳሱን አወጣ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ እንግዳዋ ቫዮሊን ተጫዋች በሩን ከፍታ ገባች። ሂጂ እረፊ ተብላ ነበር፤ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። «አንቺ አንብቢ፣ እኔ እጫወተዋለሁ፤ ከተሳሳትሽ ደጋኑ ያስታውቃል» አለች። እውነቷን ነበር። ያሳሳትኳት ቦታ ላይ ስትደርስ ክንዷ መንገድ ይጠፋባትና ቆም ትላለች፤ እንደገና አያለሁ። ሐሙስ ደግሞ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ መጥተው የየራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ። ባለ ድመቱ ሽማግሌም መጡ። «ሌላውን ንገሪኝ፤ ድመቷን ግን እኔው እስላታለሁ፣ አንቺ እጅ አትገባም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከረቡዕ ጀምሮ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ሁሉም አልተገኘም። ቀስ ያለውን የሙዚቃውን መሀል የጻፉት ዝምታ ነበሩ፤ እጃቸው ቀላል ስለሆነ ስርጉዱ የሚታይ አልነበረም። የእንግዳው ኖታም ላይ ቢሆን እኔ ይብስ ጠንክሬ አሽቼው ነበር። እንግዳዋ ደጋኗን ወዲያና ወዲህ ሞክራ አዲስ መንገድ አበጀችለት። ዓርብ መሪው ለልምምድ ተመልሰው እዚያ ሲደርሱ ቅንድባቸውን አነሡ። አላስቆሙም። ሲጨርሱ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ግን ይቆይ» አሉ። ሲወጡም በሩን ይዘውልኝ አለፍኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ በጎን በር ነበርኩ። እንግዳዋ ብቻዋን ስትጀምር ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ሌሎቹ ገቡ። አባዬ፣ ሃያ ደጋን ባንድ ላይ ሲነሣ ባዩልኝ! እያንዳንዱን መውጣትና መውረድ በጣቴ ዳብሼ የማውቀው ነው። ሙዚቃ አላውቅም፤ ያንን ግን አወቅሁት፣ ደረቴም ሞላ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ የአንዱ ደጋን ከሌሎቹ ተለይቶ ወረደ። እኔ አሳስቼ ያነበብኩት ነው። ማንም አላየውም፤ እርስዎ ቢሆኑ ያዩት ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ። ስገባ ዝምታ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ሠላሳ ዓመት ስሠራ በሰባ ሰው ፊት እኔ ነኝ ብሎ እጁን ያወጣ አላየሁም። ያጠፋችውንም ራሷ መለሰችው። እሷን ከሰደድሽ የክፍሉን ቁልፍም አብረሽ ተቀበይኝ።» ሥራ አስኪያጇ መሳቢያዋን ሳበች። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ፊርማዬን ጠየቀችኝ። ከነገ ሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ዝምታ ስንወጣ ከሽርጥ ኪሴ ላጲሱን አወጡና «ኖታ ማንበብ እስክትማሪ ይህ እኔ ጋ ይቀመጣል» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ትምህርቱ የፊታችን ማክሰኞ ይጀመራል፤ የምታስተምረኝ ራሳቸው ያገኙልኝ ዋሽንት ነፊ ናት።

ስለዚህ አባዬ፣ ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው። እቆያለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ ብሎኝም ሆዴ ይባባል፤ ሁለቱንም አልደብቅዎትም።

እናቴን ጉልበቷን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ ደረጃውን ቀስ ብላ ትውጣ። አያቴን በረከትዎ ደርሶኛል በሉልኝ፤ ረቡዕ ዕለት ያለ እሳቸው ጸሎት አልወጣሁትም። ታችኛው ክፍል የተከራዩትን መምህር በደብዳቤያችሁ ፖስታ ላይ አድራሻዬን ስለሚጽፉልኝ አመስግኑልኝ። አንቺ እህቴ ደግሞ ይህን መስመር ስታነቢ ድምፅሽን ጠንከር አድርጊው። አባዬ፣ ከሄድኩ ጀምሮ የስፌት መኪናዬን አንሶላ አልብሰው ማንንም እንደማያስነኩት እናቴ ነግራኛለች። አንሶላውን ያንሡትና እህቴን ያስቀምጧት። ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል፤ እግሯ እስኪለምደው ብቻ አይቆጧት።

የምትወድዎት ልጅዎ

ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር 14 ቀን