በጣሳ የተተከለው ሎሚ

ልጄ ረፊቃ፣ አላህ ባለሽበት ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ የማዳምሽንም ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ዝናቡ ሲጀምር አባትሽ ጓሮውን ቆፍረው፣ ዙሪያውን በድንጋይ አሳምረው ሎሚና ማንጎ ተከሉ። እኔ ግን ሂናዬንና ቃሪያዬን በዘይት ጣሳ ነው የተከልኩት። ሽንፋ የምትኖረው አክስትሽ እዚያ የተነሳውን ተኩስ ሸሽታ ባዶ እጇን ስትመጣ አይቼ፣ እኛም ብንሸሽ ይዣቸው ልሄድ ብዬ ነው። አባትሽ ግን ተቆጡ።

«ይኼ ሁሉ መሬት እያለሽ በጣሳ? ማን ሊነቅለን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጣሳዎቼን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ግን ሎሚውን ከነአፈሩ አውጥተው፣ አቅፈውት ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ፣ «ኩብራ፣ የተረፈ ጣሳ አለሽ?» አሉኝ።

አደራሽን ልጄ፣ ስትደውዪ ስለ ጓሮው አትጠይቂያቸው። አላህ በቤታችን ያገናኘን።

እናትሽ ኩብራ