«ሲበጠስ አምጡት» ላሉት የስምሪት ኃላፊ

ለተከበሩ የብርድ ልብስ ፋብሪካችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፤
በክብር ከተቀመጡበት ቢሮ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎ ወንበርዎን፣ ወንበርዎም ወገብዎን ሳይሰለች ረጅም ዘመን አብረው እንዲኖሩ እመኛለሁ። እኔ በማጠቢያ ክፍል ብርድ ልብስ የማጥብ፣ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ደግሞ ከተማሪዎቹ ሁሉ አንደኛ የወጣሁ ሠራተኛ ነኝ። አስተማሪያችን የእጅ ጽሑፌን አይታ የሐኪም ይመስላል ብላኛለች፤ እኔም ትልቅ ሙገሳ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። እስከ አምና ድረስ በዚህ ግቢ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ እጅ ነስቼ አልፍ ነበር። ዘንድሮ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ነጠላ ሰረዝም እንደሚያዩት አልቸገረኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው ሰው ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ ራሴ ነኝ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የጎማ ቀበቶ ነው። መካኒኮች ታይሚንግ ቤልት ይሉታል፤ በሠራተኞች ሰርቪሳችን ሞተር ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል እያስማማ የሚያዞር፣ የተበጠሰ እንደሆነ ግን ሞተሩን እርስ በርሱ አጋጭቶ የሚገድል ጥርስ ያለው ቀበቶ ነው። የሰርቪሱ ሹፌር የእህቴ ባል መሆኑን አልደብቅዎትም። ሠራተኛው በሙሉ «ኤሊው» እያለ የሚጠራው ይህ አማቼ፣ የቀበቶው ጊዜ አልፏልና ይቀየር እያለ ደጅዎን ሲጠና ከርሟል። የሰጡትን ውሳኔና ከውሳኔው ያገኘነውን ፍሬ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቀበቶው የሚቀየረው መኪናው የተወሰነ ኪሎሜትር ሲሄድ ነው ብለው ቆጣሪው እንዲታይ አዘዙ። ይህ ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስንሳፈር ነፍስ ይማር የምንለው ነው። እርስዎ ግን ቁጥሩ ከአምና ጀምሮ ፈቀቅ አለማለቱን አይተው፣ መኪናው ብዙም ስላልሄደ ቀበቶው ገና አዲስ ነው ብለው ወሰኑ። ጠዋትና ማታ ያን ሁሉ ሕዝብ ዳገት ቁልቁለቱን እያመላለሰ አንዲት እርምጃ ያልሄደ መኪና ስላገኙልን ኮርተናል። በዚህ ስሌት እኔም የግድግዳ ሰዓቴ ከቆመ ወዲህ አላረጀሁም ማለት ነው፤ ባለቤቴን ግን እስካሁን ማሳመን አልቻልኩም።

ሁለተኛ፤ አማቼ፣ ጎማ ቆሞም ያረጃልና ኪሎሜትሩ ባይታወቅ ዓመቱ ይታይልኝ ቢልዎት፣ የንብረት ክፍሉን ደንብ ጠቀሱለት። እንደሚታወቀው በግቢያችን አሮጌው ተበላሽቶ ካልተመለሰ አዲሱ አይወጣም። አምፖል ሲቃጠል የተቃጠለውን፣ መጥረጊያ ሲያልቅ እጀታውን ይዘን ሄደን ነው ሌላ የሚሰጠን። መልካም ደንብ ነው፤ ለመጥረጊያ። መጥረጊያ ሲያልቅ ሰው ጭኖ ገደል አይገባምና። ያን ቀን ከመስኮትዎ ሥር ብርድ ልብስ እየጫንኩ ስለነበር ቃልዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ደህና የሚሠራ ዕቃ ማን ያወልቃል? ሲበጠስ አምጡት» አሉት። እሱም እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ሲበጠስ እኮ ሰው ጭኛለሁ» ቢልዎት፣ ሲወጣ በሩን እንዲዘጋ አዘዙት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ብለው የተረቱ አባቶቻችን ንብረት ክፍል ስላልነበራቸው ነውና ይቅር ይበሏቸው።

ሦስተኛ፤ ትእዛዝዎ ተፈጸመ፣ ተበጠሰ። የተበጠሰውም የቀን ፈረቃውን ጭነን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው። እኔ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ፤ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ፤ ፍሬኑም ደርቆ አልረገጥ አለ። አማቼ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሙሉ ገላው መሪው ላይ እየተንጠለጠለ፣ መንገድ ሠሪዎች ያፈሰሱት የአሸዋ ክምር ውስጥ ወስዶ ሰካን። ሁላችንም እናታችን የምንላቸው የፈትል ክፍል አሮጊት ክንዳቸው ተሰበረ፤ ሌሎቻችን አሸዋ አራግፈን ተነሣን። እኔም ብሆን በዚያች ቅጽበት የተማርኩት ፊደል ሁሉ ጠፍቶብኝ «ኡ» ብቻ ነበረች የቀረችኝ።

አራተኛ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአማቼ ደብዳቤ መጣለት። እህቴ ድሮ ወረቀት በመጣ ቁጥር ወደ ጎረቤት ነበር የምትሮጠው። አሁን ወንድሟ ተምሯልና በኩራት ወደ እኔ አመጣችው፤ ልጆቿንም የአጎታችሁን ንባብ ስሙ ብላ ሰበሰበች። በዕድሜዬ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እንግዲህ የእርስዎ ነው። አማቼ «በግዴለሽነትና ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር» ሞተር ስላበላሸ ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ፣ ጥፋቱ ከጸናም ከሥራው እንዲሰናበት ይላል። መካከሉ ላይ ስደርስ ፊደሉ የከበደኝ መስዬ ላቆም አሰብኩ። እህቴ ግን ፊቴን አየችና «ጨርሰው» አለችኝ። ጨረስኩት። ልጆቹም ያን ቀን ለንባቤ አላጨበጨቡም።

ክቡር ሆይ፣ ኤሊውን በፍጥነት የከሰሱ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ከዚያ ሰውዬ ጋር የተሳፈረ ሁሉ፣ በእግሬ ብሄድ ቀድሜ እገባ ነበር ሳይል ወርዶ አያውቅም። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ የእርስዎ ሰርቪስ ግን በጥሳ በአማቼ ላይ አሳጠረች።

ያም ሆኖ ውለታ አልረሳም። በመጀመሪያ በአሸዋው ክምር ላይ እስካሁን ደንብ ስላላወጡበት አመሰግናለሁ፤ አውጥተውበት ቢሆን ከቦታው አናገኘውም ነበር። ቀጥሎም፣ የተበጠሰውን ቀበቶ በደንቡ መሠረት ለንብረት ክፍል ብንመልስ አዲሱ ከነማሸጊያው ያለ አንዳች መጉላላት ወጥቶልናል። አሁን የሚገጠምበት ሞተር ብቻ ነው የጎደለን። የእናታችንንም የተሰበረ ክንድ ይዘን ብንቀርብ ሌላ ይወጣልን እንደሆነ በዚሁ አጋጣሚ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እህቴ የምታበስለው አማቼ ነድቶ በሚያመጣው ነውና፣ ከሰኞ በፊት ክሱን አንሥተው ጥፋቱን ወደ ባለቤቱ ይመልሱልን።

ለእርስዎ የነበረኝ አክብሮት እንደ ቀበቶው ሳይዘገይ በጊዜው የተቀየረ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ፣ ከአንገቴ ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

የማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ፣ የሹፌሩ የሚስት ወንድም
(ፊርማው የራሴ ነው፤ የጣት አሻራ ድሮ ቀረ)

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፤ በማታው ክፍል ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው መካኒክ ነው። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ሳያውቅ ሊያስቀኝ ብሎ ያጫወተኝን ልንገርዎት። ባለፈው ወር አንድ የፋብሪካችን ትልቅ ሰው የቤት መኪናቸውን ይዘው ጋራዡ መጥተው ታይሚንግ ቤልቱን ቀይርልኝ ይሉታል። አይቶት፣ ገና ብዙ ይሄዳል፣ ለምን ይቸኩላሉ ቢላቸው፣ «እስኪበጠስ ልጠብቅ እንዴ? ቤተሰቤን እኮ ነው የምጭንበት» አሉት። ስለዚህ ሰኞ በኮሚቴው ፊት የአማቼ የመከላከያ ምስክር አድርጌ ያስመዘገብኩት እርስዎን ነው። መካኒኩም ይመጣል፤ የተናገሩት ቃል የጠፋብዎ እንደሆነ አጠገብዎ ቆሞ ያስታውስዎታል።