የጋሼ ቅራሪ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 8፣ 2018

ጋሼ በረንዳ ላይ የሚያደርጉት ነገር ጸሎት አይደለም!

ዛሬ ትምህርት ስለሌለ ነው የደረስኩበት። ሳልረሳው በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጋሼ ተስፋዬ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። እስከ ኦገስት ድረስ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሕክምናው ካንሰሩን ወሰደላቸውና በምትኩ እግራቸው ላይ የነርቭ ሕመም ትቶባቸው ሄደ። ከዚያ ሊፍት በሌለው ሕንፃቸው ደረጃ ላይ ወደቁ። እማዬ በማግስቱ መኪናዋን አስነስታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ቤት አመጣቻቸው። የእኔ ክፍል የጋሼ ክፍል ሆነ፤ የሳሎኑ ሶፋ ደግሞ የእኔ ክፍል። ስብሰባ አልተጠራም።

ሌሊት እግራቸው ይነድዳል። ይነሱና ከክፍል ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ክፍል ይመላለሳሉ። ሶፋዬ መንገዱ ላይ ነው። ነጠላ ጫማቸው ቸፕ፣ ቸፕ፣ ቸፕ። ትናንት አራት ዙር ቆጠርኩ።

ከእራት በኋላ ደግሞ ጋቢ ተከናንበው በረንዳ ይወጡና በሩን ይዘጋሉ። "ዝም በይ፣ ጸሎት ላይ ናቸው" ትላለች እማዬ። ቲቪው ይቀነሳል፤ እኔም በእግሬ ጣት እሄዳለሁ። ዛሬ ግን እማዬ ሥራ ነበረች፤ እኔ ቻርጀሬን ፍለጋ በሩን ከፈትኩት። ከጋቢው ሥር እንፋሎት ቡን አለ። የተቃጠለ ፈንዲሻ ይሸታል። እማዬ ሁለት ወር ሙሉ የታችኛውን ጎረቤት ስታማበት የኖረችው ሽታ!

"በሩን ዝጊ" አሉኝ።

"ከውስጥ ሆኜ ነው ከውጭ?" አልኳቸው።

ሳቁና ሳል ያዛቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ካናቢስ ነው። ሐኪማቸው ፈርመውበታል። የሜሪላንድ የሕመምተኛ ካርድ አላቸው (ፎቶው ላይ የታሰሩ ይመስላሉ)። መዳፍ የምታህል ማሞቂያ አለቻቸው፤ ቅጠሉን ሳታቃጥል እንፋሎቱን ታወጣለች። "ምድጃዬ" ነው የሚሏት።

"ታዲያ ለእማዬ ለምን አይነግሯትም?"

"እናትሽ? ሐሺሽ የሚል ቃል ከሰማች ሐኪም አትጠራም፤ ቄስ ነው የምትጠራው።"

ልክ ናቸው። እማዬ የአምቡላንስ ጩኸት በሰማች ቁጥር የምታማትብ ሴት ናት። እኛ ሰፈር ደግሞ አምቡላንስ አይጠፋም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ይህን ማስታወሻ እማዬ እንዳታነበው በእንግሊዝኛ ልጽፈው አስቤ ነበር። ግን እንግሊዝኛ ታነባለች። የእኔን የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያስተማሩኝ ጋሼ እንኳ አያነቡትም።

የዛሬ ችግር፦ ሳሉ። ሐኪማቸው ባለፈው ሳምንት "ሳንባዎን ያሳርፉ" ብለዋቸዋል። ምድጃዋ ከቀረች ደግሞ እንቅልፍ የለም።

መፍትሔው አልጋቸው ሥር ነበር። ጋሼ ምድጃዋ የጨረሰችውን ቅጠል አንድም ቀን አልጣሉም። ቡናማ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ሁለት የአይስክሬም ዕቃ ሙሉ! አልገረመኝም። ፌስታል አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ናቸው። ካናቢሱን የሚገዙበት ሱቅ ሻጭ የሆነው ልጅ፣ ያ ቅጠል ገና ጉልበት እንዳለው፣ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ በጠብታ እንደሚወሰድ ነግሯቸዋል።

"ቅራሪ በይዋ!" አሉ ጭናቸውን መትተው። "እናቴ ጠላው ሲያልቅ አተላው ላይ ውሃ ትጨምርና ቅራሪ ታወጣልን ነበር። ጠላው ለእንግዳ፣ ቅራሪው ለእኛ። አሜሪካኖች ገና ዛሬ ደረሱበት!"

ማታ ጋሼ ወርቁ ከአሌክሳንድሪያ መጡ። የጋሼ ጓደኛ ናቸው፤ ሃያ ዓመት አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። በትልቅ ዘንቢል ድፎ ዳቦ ይዘዋል፤ ከዳቦው ሥር ደግሞ የአልኮሉን ጠርሙስ። እማዬ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች።

"ውይ! ይሄ ዳቦ ምነው እንዲህ ከበደ?"

"አልቦካ ብሎን ነው" አሉ ጋሼ ወርቁ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

እንግዳው ሲሄዱ ጋሼን "ቅራሪው ካልሠራስ?" አልኳቸው። "ካልሠራ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እናትሽ ቀን የሰው ሽማግሌ ስታነሳ ስትጥል ውላ ሌሊት የእኔን ዳና መስማት የለባትም።" እማዬ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ መንከባከብ ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ ያ ደረጃ አለ። ካርዱም ወደዚያ የሚወስደውን ድልድይ ከተሻገሩ አይሠራም፤ ቨርጂኒያ አይቀበለውም።

መሥራት አለበት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 10

እማዬ የከሰዓት ሺፍት ላይ ነች። ወጥ ቤቱ የእኛ ነው።

የእኔ ሥራ፦ ከኢንተርኔት ማንበብ፣ ምልክት መጻፍ፣ መስኮት መክፈት። ጋሼ ቅጠሉንና አልኮሉን የጨመሩበትን ብልቃጥ እንኳ አያስነኩኝም። "አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ጸሐፊ አይቀምስም፣ አያሸትም" አሉ። ጸሐፊዋ አፍንጫ እንዳላት አልተነጋገርንም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። ብልቃጡን የወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ ጣድ አድርገው "ቶሎ እንዲወጣለት" ሊያሞቁት አሰቡ። አልኮል! እሳት ላይ!

"እናቴ አረቄ ስታወጣ..."

"እናትዎ የጭስ ማስጠንቀቂያ አልነበራቸውም" አልኳቸው። "እኛ ከተቃጠልን አሥራ አንድ ፎቅ ይዘን ነው የምንወርደው።"

ተስማሙ። በቀዝቃዛው ይሁን ተባለ። ብልቃጡ ላይ "የእግር ማሻ" ብዬ ጻፍኩበትና የክረምት ቡትሶቼ ካርቶን ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ግን ሁሉም አልገባም፤ ብዙ ተረፈ።

"ይሄንንስ የት እናድርገው?"

"እሱን ለእኔ ተዪው" አሉ።

ተውኩላቸው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

ብልቃጡ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይናጣል። ጋሼ የሚንጡት እንደ ጸናጽል ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ወረብ ቢጀምሩ አይገርመኝም።

ሕመም ከአሥር ስንት? "ዘጠኝ" አሉ። ትናንትም ዘጠኝ። አምስት ዙር።

እማዬ ስልክ ላይ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ። "ወንድሜ እንዴት ያለ ጸሎተኛ ሆነልኝ መሰለሽ! በሽታው ወደ እግዚአብሔር አቀረበው።" የኬሚስትሪ መጽሐፌን ፊቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። መጀመሪያ ሳቄን ልደብቅ ነበር። በኋላ ግን እፍረቴን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12

ወጣ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ በወረቀት ማጣሪያ እያጠለሉት ደረስኩ። መልኩ የፈዘዘ ጠጅ ነው። ጠብታ ማድረጊያ ባለው ጠርሙስ ተሞላ። ያ የሱቁ ልጅ "ከትንሽ ይጀምሩ" ስላላቸው ሁለት ጠብታ ብቻ፣ ከምላስ ሥር።

ፊታቸው! ሎሚ የነከሰ ሕፃን።

"እንዴት ነው?"

"ይሄ ቅራሪ አይደለም" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ቅጣት ነው።"

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13



ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር የነቃሁት። ሌሊት አንድ ዙር ብቻ! ቸፕ ቸፕ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመለሱ፣ አበቃ። ሕመም ሰባት። ጋሼ ለቁርስ ሁለት እንቁላል በሉ። እኔም ላይብረሪ ሄድኩ። ስመለስ፣ ቤታችን ያለበት ሰባተኛ ፎቅ ደርሼ ከሊፍቱ ስወጣ ሽታው ተቀበለኝ። ቅቤ። ኮረሪማ። በሶብላ።

እና የተቃጠለ ፈንዲሻ።

ነገ ማኅበር እኛ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ግማሾቹ ደም ግፊት ያለባቸው። እማዬ ለዶሮ ወጡ አምስት ፓውንድ ቅቤ እያነጠረች ነበር። አጠገቧ በእጇ "ኮሰረት" ብላ የጻፈችበት ብልቃጥ ቆሟል። ባዶውን።

"ኮሰረቱ አርጅቷል መሰለኝ፣ ጠረኑ ጠፍቷል" አለችኝ። "ሁሉንም ጨመርኩት።"

"እሱን ለእኔ ተዪው" ያሉት አሁን ገባኝ። ጋሼ የተረፈውን ቅጠል የእማዬ ኮሰረት ላይ ደፍተውታል!

እማዬ ማንኪያውን እፍ፣ እፍ እያለች ወደ አፏ ወሰደች። በዚያች ሰከንድ ብዙ ነገር አሰብኩ። በረሮ ገብቶበታል ልበላት? አጥልላ ትጠቀምበታለች፤ አምስት ፓውንድ ቅቤ ነው። ድስቱን ልገልብጠው? እግሯ ላይ ነው የሚፈስሰው። እውነቱን ልናገር? ጋሼ ወደ አሌክሳንድሪያ ይመለሳሉ፤ ደረጃው፣ ብቻቸውን።

"እማዬ አትቅመሺው! ኮሰረት አይደለም። የጋሼ ካናቢስ ነው።"

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

ጋሼ ድምፄን ሰምተው ከክፍላቸው ወጡ። ብልቃጡን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ። እማዬ፣ ጋሼ ሁሉንም እስኪናገሩ አዳመጠች፤ ካርዱን፣ ምድጃዋን፣ በረንዳውን።

"ኮሰረት በዓመት አንዴ የምትነኪው ነገር መስሎኝ ነው" አሉ መጨረሻ ላይ።

"ወንድም ጋሼ፣ ቅቤ በምን የሚነጠር ይመስልዎታል?"

"በ... እሳት?"

ስልሳ ስድስት ዓመት በልተውታል! ሳቄን ዋጥኩት። እማዬ አልሳቀችም። ቅቤው እስኪቀዘቅዝ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ወተት ጋሎን አንቆርቁራ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው።

"አምስት ፓውንድ ቅቤ..." አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው።

"አንተ!" አለች እማዬ። ታላቅ ወንድሟን "አንተ" ስትል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ጋሼ ክፍላቸው ገቡ። ስልክ ሲደውሉ በበሩ ሰማኋቸው። "ወርቁ፣ ነገ ማታ ና ውሰደኝ።"

የጠብታው ጠርሙስ እማዬ ቦርሳ ውስጥ ነው። የዛሬ ዙር፦ መቁጠር አቆምኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14

ማኅበሩ ተበላ፣ ተጸለየ፣ ተበተነ። እማዬ የሱቅ ንጥር ቅቤ ገዝታ ነው የሠራችው። እትዬ አልማዝ ሁለቴ ጎረሱና "ምነው የዛሬው ቅቤ የቤትሽ አልመሰለኝም?" አሉ በአሥራ አንድ ሴቶች ፊት። ለእማዬ ከዚህ እስር ቤት ይሻላት ነበር። ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻንጣቸው ከበሩ ኋላ ቆሟል።

እንግዶቹ ሲወጡ እማዬ መነጽሯን አድርጋ የሐኪሙን ወረቀት አነበበች። ካርዱን ገልብጣ አየች። ወረቀቱን እንደገና አነበበች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ አንዱን ሳህን አምስት ጊዜ።

"ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒቱን አይደለም የተቀየምኩት" አለች። "የማነሳቸው ሽማግሌዎች ዘንድ ስንት ዓይነት መድኃኒት አያለሁ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ እርስዎ በረንዳ ሲወጡ ከበሩ ኋላ ቆሜ አሜን እል ነበር። አሜን፣ አሜን። ለካ ለእንፋሎት ነው።"

ጋሼ የሱፋቸውን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉ።

"እንግዲያው" አሉ፣ "እስከዛሬ የቆየሁት ባንቺ ጸሎት ነዋ።"

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወርቁ፣ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው። ሻንጣውን አይተው ሊያነሱት ጎንበስ አሉ።

"ጋሼ ወርቁ፣ ይቀመጡ" አለች እማዬ። "ዶሮ ተርፏል።"

"አይ፣ መንገዱ እንዳይ..."

"ይቀመጡ አልኩ እኮ! ሻንጣውንም ወደ ክፍሉ ይመልሱልኝ።"

ሳህኑን ስድስተኛ ጊዜ አጠብኩት።

አዲሱ ሕግ እነሆ። ጠርሙሱ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ("ቤት ውስጥ ልጅ አለ" አለች፤ እኔን ነው)። የምታንጠባጥበው እማዬ ራሷ ናት። ነገ ለሐኪሙ ስልክ ትደውላለች። ማንም ሰው፣ ጋሼ በተለይ፣ የቅመማ ቅመም መደርደሪያ አጠገብ አይደርስም። ፍሪጁ ላይ ደግሞ ሥራ ቦታዋ እንደምትሞላው ዓይነት ቅጽ ለጠፈች፦ ሰዓት፣ ስንት ጠብታ፣ ሕመም ከአሥር፣ ከእንቅልፍ የነቁበት ሰዓት።

ሁለት ጠብታ አንጠበጠበችላቸው። የሎሚውን ፊት አሳዩ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቋን አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ቸፕ የለም።

የነቃሁት በዝምታው ነው። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ሄደው ይሆን? ነጠላ ጫማቸው በራቸው ላይ እንደተቀመጠ አለ። እማዬ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ ጆሮዋን በራቸው ላይ ለጥፋለች። ቅጹን ልትሞላ ነበር የመጣችው።

"ስንት ሰዓት ነቁ?" አልኳት በሹክሹክታ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠራችኝ። እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ። ዳገት ላይ የቀረ የጭነት መኪና! እንዲህ የሚያንኮራፋ ሰው ክፍሌ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላውቅም ነበር፤ ለካ እስከዛሬ ተኝተው አያውቁም።

ሐኪሙ ምን እንደሚሉ ገና አናውቅም። አንድ ሌሊት ነው። ጠርሙሱም ትንሽ ነው። ክፍሌንም መቼም የማገኘው አይመስለኝም።

እማዬ ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ "አሜን" አለች። የቅጹን የመጨረሻ ዓምድ፣ የነቁበትን ሰዓት፣ ባዶውን ትታው ወደ ሥራ ሄደች።

እኔ ትንሽ ላዳምጥ ብዬ ቆየሁ። አውቶቡሱ አመለጠኝ።