ላልተደወለልን ስልክ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወረርሽኙ ከቢሮዎ ደጃፍ እንዲርቅ፣ እንቅልፍዎም እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሆስፒታልዎ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የማደርግ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሌሎች ሰባት ሕመምተኞች ጋር በሥነ ልቦና አማካሪያችን ፊት ተቀምጠን የሆዳችንን እንጫወት ነበር። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ወረርሽኙ በገባ በሳምንቱ የምክር ክፍላችንን ሲዘጉ፣ በራስዎ አንደበት «አንዳችሁንም ብቻችሁን አንተዋችሁም፤ በየሳምንቱ ይደወልላችኋል» ብለው ቃል ስለገቡልን እናመሰግናለን። አምነንዎ ነበር። ዓይኑ የደከመው ልብስ ሰፊ ወንድማችን ስልክ ቁጥሩን በተሰጠን የመመዝገቢያ ወረቀት ላይ ከጻፈ በኋላ፣ እንዳይሳሳት ለእኔ ሰጥቶ አስነበበኝ።

ሁለተኛ፣ አማካሪያችንን በር ላይ ሙቀት እንድትለካ ስለመደቡልን።

ሦስተኛ፣ ስላልደወሉ። ልብስ ሰፊው ሰባት ሳምንት ጠበቀ። በስምንተኛው ለእኔ ደውሎ፣ «እህቴ፣ እዚያ እየተመላለስኩ በሽታውን ለልጄ ከማመጣባት ቤቴ ብቀር ይሻላል። ደግሞ ብፈለግማ ይደውሉልኝ ነበር» አለኝ። እኔም፣ «ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ ይደውላሉ፤ አንተ ብቻ እጥበትህን እንዳታቋርጥ» ብዬ አጽናናሁት። በእርስዎ ስም መዋሸቴን ያኔ አላወቅሁም።

ሦስት ጊዜ ከእጥበት ቀረ። በአራተኛው ልጁ ደውላ መሞቱን ነገረችኝ። የገደለው ወረርሽኙ ስላልሆነ በዕለታዊ መግለጫዎ ላይ አልተቆጠረም፤ ቁጥርዎን ስላላበላሸ እርሱንም አብረን እናመስግነው።

ከቀብሩ ወዲህ ለቀሩት ስድስት ሰዎች ማክሰኞ ጠዋት እኔው እደውላለሁ። አማካሪ አይደለሁም፤ የምለውም ብዙ የለኝም። እንዴት አደራችሁ እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ እናት እጥበቷን ልትተው እንደነበር ነገረችኝ። ብዙ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ግን ሄደች። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ስለተዉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

የሰጡንን ቃል ከእርስዎ አስበልጬ የማስታውስ፣ አክባሪዎ፣
የመስኮቱ ዳር ማሽን ታካሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት አንድ ቀን ለመደወል ቢያስቡ፣ እኔን ይለፉኝና የልብስ ሰፊውን ቁጥር ይሞክሩ። ልጁ የአባቷን ስልክ እስካሁን አልዘጋችውም፤ ታነሳልዎታለች።