የቢሊከንን እግር ሁለቴ መዳበስ

ውድ ቶራኪቺ፣

ይህን የምጽፍልህ እዚሁ ጥብስ ሱቃችን ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ ነው። ዘይቱን አቀዝቅዤዋለሁ፣ የበሩን መጋረጃም ዛሬ በጊዜ አውርጄዋለሁ። ደብዳቤውን ነገ ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ነርሷ ትሰጥሃለች። መጀመሪያ «ከነቃህ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ደነገጥኩና ሰረዝኩት። ስርዝ ድልዙን ታገሠኝ።

ዛሬ ማማው ላይ ወጣሁ። አትሳቅ፣ ስፌትህ ይፈታል። አዎ፣ እኔ ኪኑኤ፣ በርጩማ ላይ ቆማ አምፖል መቀየር አቅቷት አንተን ከእንቅልፍህ የምትቀሰቅሰው ሚስትህ፣ ጹተንካኩ ማማ አናት ላይ ወጥቼ ወረድኩ። ዕድሜ ልካችንን ከሥሩ ኖረን፣ ልብስ እንኳ የምናሰጣው በጥላው ሥር ሆኖ፣ ቀና ብዬ ጫፉን የማየው ግድግዳ ይዤ ነው። «ቱሪስት ከዓለም ዳር ይመጣል፣ አንቺ መንገዱን መሻገር አቃተሽ» እያልክ ስንቱን ደንበኛ አስቀህብኛል።

በየአዲስ ዓመቱ ማማው ላይ እየወጣህ የዕድል አምላኩን የቢሊከንን ሐውልት እግር የምትዳብስልን አንተ ነበርክ። ያ ራሱ የሾጠጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቅ አምላክህ! ውስጥ እግሩን ታሸውና «ነግሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ገበያ አለ» ብለህ ትመለሳለህ። ዘንድሮ አዲስ ዓመት ሆስፒታል አገኘህ። ትናንት ሄጄ ልዳብስልህ ወይ ስልህ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክና፣

«ተይው ኪኑኤ፣ እንጨት እኮ ነው» አልከኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት ያኔ ነው። ሐኪሙ የልብህን ሥዕል እያሳየ ያንን ሁሉ ሲያስረዳኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። አንተ ቢሊከንን እንጨት ካልከው ግን፣ ሰውዬው በልቡ ተሰናብቶናል ማለት ነው አልኩ። ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።

ዛሬ ከሱቁ ስወጣ ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ኦኩኖ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ወዴት ነው አለኝ፤ ወደ ላይ አልኩት። ምላጩን እንደያዘ ሰማዩንም እኔንም አየና፣ ቶራኪቺ ይህን ሳያይ ቢቀር ይቆጨዋል አለ። ቀልዱ መሆኑን አውቃለሁ። «ሳያይ ቢቀር» የሚለው ግን እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

ሊፍቱ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የማላውቃትን ልጅ ቦርሳ ይዤ ነበር። ጆሮዬ ደነቆረ። ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ወደ መስታወቱ ሮጠ፤ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከክሁ የቢሊከን ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ወለሉ የሚወዛወዝ መሰለኝ።

ተራዬ ደረሰ። ውስጥ እግሩ በሰው እጅ ብዛት እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። እጄን እዚያ ላይ ሳሳርፍ ቃሉ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ልመና፣ ስምህ፣ ልብህ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም። ከኋላዬ ሰው ተራውን እየጠበቀ ያስላል። አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? በየማለዳው እሳት ስንለኩስ የምንለውን፦ «ንግዳችን ይቅና፣ ደንበኛችን ይብዛ።» ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩና ከሰልፉ ወጣሁ።

ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። ባሌ ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው፣ እኔ ገበያ ለመንኩ!

ተመለሺና ድገሚው ትለኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ? እኔ ማን ነኝ? የስጎው ማሰሮ የጋራ ነውና አንዴ የነከሱትን ጥብስ መልሶ የሚያጠቅስ ደንበኛ ሳይ እጁን በጭልፋ የምመታ ሴት አይደለሁም? «ሁለቴ ማጥቀስ ክልክል ነው» ብለህ ከማሰሮው በላይ የሰቀልከውን ሰሌዳ በየቀኑ የማጸዳ? ሰውን የከለከልኩትን አምላክ ፊት ላደርገው ነው? ቢቆጣስ? ቢቆጣ ደግሞ የሚቆጣው ባንተ ላይ ቢሆንስ? እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ከኋላዬ ሲያስል የነበረው ሰው መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ኩሱዳ ይባላል፣ ከሳካይ ከተማ የመጣ የታክሲ ሹፌር ነው። ከፍታው ነው እትዬ፣ ውኃ ላምጣ ሲለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስቆ ይጨርሰኛል ስል እሱ አገጩን እያሸ ማሰብ ጀመረ።

«እትዬ፣ እናንተ ቤት ስጎ ያነሰው ሰው ምን ያደርጋል?»

«በጥቅል ጎመን ቅጠል ጨልፎ ያፈሳል፤ ጥብሱን መልሶ አይነክርም።»

«በቃ» አለ፣ «እኔ ጎመኑ ልሁን። ስሙ ማነው?»

አየህ፣ እሱም ተራው ደርሶ ገና አልዳበሰም ነበር፤ እኔን ብሎ ነው ከሰልፉ የወጣው። የመጣው ለቤዝቦል ቡድኑ ለነብሮቹ ሊለምን ነው። የነሱስ ነገር እንዴት ይሆናል ብዬ ስጠይቀው፣ ነብሮቹ ቢለመንላቸውም ባይለመንላቸውም መሸነፋቸው አይቀርም አለኝ። መልሶ ሰልፍ ያዘ። ሲደርስ በሁለት እጁ እየዳበሰ፣ ተሳፋሪ እንደሚጠራ ሹፌር ጮክ ብሎ ስምህን ሲጠራ ሰማሁት። የአባትህን ስም ሳይቀር አስነግሮኝ ነበር፤ ኦሳካ ውስጥ ስንት ቶራኪቺ አለ ብሎ።

ከዚያ እጅጌዬን ይዞ መስታወቱ ድረስ ወሰደኝ። ወደ ታች አየሁ። የሆስፒታልህን ጣሪያ አገኘሁት፤ የክብሪት ቀፎ ያህላል። አንተ በዚያች ቀፎ ውስጥ ነህ። ያን ጊዜ ከፍታውን ረሳሁት፤ የፈራሁት ትንሽነትህን ነው። መስኮትህ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም፣ ለሕንፃው በሙሉ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ስወርድ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። የማማው አናት ላይ የነገውን አየር የሚነግረው መብራት ሊበራ ነው። እኔ ሞኝ በልቤ ምልክት ቢጤ ይዤ ነበር፤ ነጭ ከበራ ፀሐይ ነው፣ ቶራኪቺ ይድናል ብዬ። መንገዱ መሃል ቆሜ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ሰማያዊ ነው እትዬ ኪኑኤ» አለኝ ኦኩኖ ፎጣውን እያራገፈ። «ነገ ዝናብ ነው፤ አንድ ደንበኛ አትጠብቂ።»

ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ኦኩኖ ወንበር አወጣልኝ። ቁጭ ብዬ ግን ያለውን ቃል መልሼ መልሼ አሰብኩት። አንድ ደንበኛ አትጠብቂ። እንግዲያው ቢሊከን የኔን የተሳሳተ ልመና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። ከሁለታችን የአንዳችንን ከሰማ፣ የሰማው የሹፌሩን ነው ማለት ነው።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽህም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሰማያዊው ብርሃን ባንኮኒው ላይ ወድቋል፤ አንተም ከአልጋህ ሆነህ እሱኑ እያየኸው ይሆናል። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ያንተንም የዝናብ ጥላ ይዤ ነው የምመጣው፤ አልጋህ ራስጌ እሰቅለዋለሁ። ስትነቃ መጀመሪያ እሱን እየው፤ ወደ ቤት የምትመለስ ሰው ነህና።

ሱቁን ዘግታ የምትጠብቅህ፣
ኪኑኤ